የአያ ሰይድ ነብር

ዐረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ ባለችው የደርብ ከተማ ገበያ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ አንድ የመናዊ ሽማግሌ አለ። ባለፈው ሐሙስ ደብተር ልገዛ በዚያ ሳልፍ ጠራኝና፣

«ያ ሙአሊማ፣ ያ የክሩ ሰውዬ ምነው ጠፋ?» አለኝ፤ ሙአሊማ አስተማሪ ማለት ነው።

«ሀገሩ ገባ» አልኩት። «ኸላስ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወሎ ገባ።»

ሽማግሌው ወደ መደርደሪያው ዞረ። ጥጉ ላይ ቢጫ ክር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተውና፣ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቢጫ ማን ሊወስድልኝ ነው?» ብሎ ራሱን ያዘ።

ሐዘኑ የእውነት ነበር። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። እየሳቅሁ ወደ ቤት ገባሁ፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቅርሮ አገኘሁት።

«የክሩ ሰውዬ» የተባለው አያ ሰይድ ነው። እኔ አንድን ነገር ከሥሩ ጀምሬ በተራ ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም፤ የአስተማሪ ጠባይ ነው። አያ ሰይድ ይህን ስለሚያውቅ፣ «አንቺ አስረድተሽ እስክትጨርሺ እኮ ዝንጀሮው ማንጎውን በልቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ይሄዳል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። እኔ አሁንም ከሥሩ ነው የምጀምረው።

ወንድሜ ደርብ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እኔ ከእሱ ጋር እየኖርኩ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ ማንበብና ሒሳብ አስተምራለሁ። የአያ ሰይድ ሁለት ሴት ልጆች፣ ሐያትና ኢማን፣ የሚኖሩት ከከተማ ርቀው እርሻ ውስጥ ስለነበር እኔ ዘንድ መምጣት አይችሉም። ስለዚህ በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ወንድሜ በፒካፑ እየወሰደኝ እኔ ወደ እነሱ እሄድ ነበር።

እርሻው የሚገኘው መንገዱ የባሕሩን ሜዳ ትቶ ወደ አር-ሪስ ተራሮች መውጣት ከሚጀምርበት ላይ ነው። የማንጎ ዛፎች፣ ፍየሎች፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት አለ። ትልቁ ቤት ውስጥ የከፊሉ የአቡ ናስር እናት ይኖሩ ነበር። ከፊል ማለት እዚህ አገር ኢቃማህ በእሱ ስም የሆነ አሠሪህ ነው፤ ካላሳደሰልህ መኖሪያ ፈቃድ የለህም። አቡ ናስር ራሱ ከተማ ነው የሚኖረው። አሮጊቷን የምትንከባከባቸው የአያ ሰይድ ሚስት ዘሃራ ነበረች፤ እርሻውን የሚጠብቀው አያ ሰይድ። ሁለቱም ኢቃማቸው በአቡ ናስር ስም ነው። ቤታቸው ከበሩ አጠገብ ያለችው ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ነበረች።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የግቢውን በር ልከፍት እጀታውን ስይዘው ለስለስ አለኝ። የብረቱ እጀታ ቀይ ሹራብ ለብሷል! በጂዛን በጋ ፀሐይ የዋለበት ብረት እጅ ይልጣል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር ነበር። ገባ ስል የጋዙ ሲሊንደር ሰማያዊ ለብሷል። የሞተር ሳይክሉ መቀመጫ፣ የጉድጓዱ መዘውር፣ የፍየሎቹ በረት መቀርቀሪያ፣ ሁሉም በየመልኩ ለብሶ ቆሟል።

«ልጆቹን አልብሰህ ጨርሰህ ነው?» አለው ወንድሜ።

«ልጆቹማ በቃን አሉኝ» አለ አያ ሰይድ። «ብረት ግን ምንም ብታለብሰው አይሰለቸውም።»

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ሽርጥ ይታጠቃል፣ ራሱ ላይ ባለ መስመር ሻሽ ይጠመጥማል፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ከጆሮው ጀርባ የሹራብ መርፌ ይሰካል። ፍየሎቹን ሲያሰማራ የክሩን ድቡልቡል ኪሱ ውስጥ ከትቶ እየተራመደ ይሠራል። አንዳንዴ ድቡልቡሉ ከኪሱ ይወድቅና ክሩ ከኋላው እየተጎተተ ይሄዳል፤ ግልገሎቹም ክሩን ተከትለው በሰልፍ ይሄዳሉ። ሐያት «አባዬ ፍየሎቹን በክር ነው የሚነዳቸው» ትል ነበር።

ሙያውን የተማረው እስር ቤት ነው። እሱ ራሱ ሲያወራው ግን የሠርግ ወሬ ይመስላል። መጀመሪያ በየመን አቋርጦ ሲገባ ተይዞ፣ ወደ ሀገር እስኪመለስ ድረስ ጂዛን ውስጥ ታስሮ ነበር። እዚያ ከየአገሩና ከየሃይማኖቱ የተሰበሰበ ሐበሻ ታጉሯል። መካከላቸው አንድ የጎጃም መሪጌታ ነበሩ። ከመጥረጊያ እንጨት መርፌ ጠርበው፣ የተቀደደ ብርድ ልብስ እየተረተሩ ቆብ ይሠሩ ነበር።

«እጅህ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላትህ ሥራ ይጀምራል» አሉት መሪጌታው። «እዚህ ቤት ደግሞ የጭንቅላት ሥራ ደግ አይደለም። ና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሲለያዩ መሪጌታው ለእሱ የሶላት ኮፍያ ሠሩለት፣ እሱም ለመሪጌታው ቆብ ሠራላቸው። «ሰው ሁሉ እስር ቤት ገብቶ ከስቶ ይወጣል» ይል ነበር አያ ሰይድ፣ «እኔ ሙያ ይዤ ወጣሁ።» ከዚያ ሀገሩ ተመልሶ፣ ቆይቶ በሕጋዊ ቪዛ የእርሻ ጠባቂ ሆኖ መጣ። ዘሃራን ያገባት እዚሁ ነው።

ዘሃራ አጭር፣ ፈጣን፣ የቀልድ ምንጭ የሆነች ሴት ናት። ስለ ትውውቃቸው ስጠይቃት፣ «ሌላው ወንድ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይሄ የእጄን ልክ ጠየቀኝ» አለችኝ። «ጓንት ሊሠራልኝ! በጂዛን ሙቀት!»

«ወስደሽው የለ?» አለ እሱ ከውጭ።

«ትኩስ ድስት አወርድበታለሁ እንጂ እጄንስ አላስገባሁበትም!»

አያ ሰይድ እንስሳትን ይወዳል፤ የሚወደው ግን እንደ ጎረቤት ነው፣ እያማ። ሽኮኮን «ተኝታ የምትከብር» ይላታል። በር ላይ ካለው ግራር ላይ ጎጇቸውን የሚሠሩ ቢጫ ወፎች ነበሩ፤ እነሱን ግን አምቶ አያውቅም። «እኔ በሁለት መርፌ እሠራለሁ፣ እሷ በአንድ አፍ» እያለ ይደነቅባቸው ነበር። የተረፈውን ብጥስጣሽ ክር አጥሩ ላይ ያንጠለጥልላቸዋል። እነሱም እያነሱ ከሣሩ ጋር ይጠልፉታል። ስለዚህ የአያ ሰይድ ግቢ ወፎች ቀይና ሰማያዊ ፈትል ያለበት ጎጆ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ማንም አላመነኝም፤ ወስጄ ነው ያሳየኋቸው።

ሹራቡን የማይወድለት አንድ ሰው ነበር፤ አቡ ናስር። አንድ ቀን በድንገት መጥቶ፣ መርፌና ክር ይዞ ከፍየሎቹ ጋር ሲያየው፣

«አንተ፣ ዘበኛ ነህ ወይስ ሙሽሪት?» አለው።

ይህ ለቀልድ ያህል የተነገረ ነበር፤ አያ ሰይድ ግን በጣም አፈረ። ከዚያ ወዲያ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ሥራውን ሽርጡ ውስጥ ይደብቃል። ይህን መደበቁን ልብ በሉልኝ። በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዝንጀሮዎቹ። ከተራራው የሚወርዱት ዝንጀሮዎች እንደ ሀገራችን ጭላዳ አይደሉም። ጭላዳ ሣሩን እየነጨ ይውላል። እነዚህ ማንጎ መራጮች ናቸው፤ አንዱን ነክሰው ይጥላሉ፣ ሌላውን ይነክሳሉ፣ እሱንም ይጥላሉ። አያ ሰይድ ድንጋይ ሲወረውር ራቅ ብለው ተቀምጠው ይመለከቱታል፤ ክንዱ ሲዝል ይመለሳሉ። እርሻው ውስጥ ውሻ አለ፤ ስሙ ሙዲር። ሙዲር በዐረብኛ የሥራ ኃላፊ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችለት ዘሃራ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ስለሚተኛና ምግብ ሲመጣ ግን ማንም ስለማይቀድመው። ዝንጀሮ ሲመጣ ሙዲር አንድ ዓይኑን ይገልጥና መልሶ ይከድናል።

በአንዱ ዓመት፣ ማንጎው ገና ፍሬ መቋጠር ሲጀምር፣ አቡ ናስር መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ሐያትን እያስነበብኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አምና ግማሹን ዝንጀሮ በላው» አለ። «ዘንድሮም ከበሉት፣ ኸላስ። ጠመንጃና አዳኝ ውሾች ያሉት ሰው አግኝቻለሁ። አንተን ኹሩጅ አስመታልሃለሁ።» ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ከተመታ በኋላ ከአገር መውጣት ብቻ ነው።

«ዘሃራስ?» አለ አያ ሰይድ።

«ዘሃራ እናቴ ጋ ትቆያለች። እናቴ ከእሷ እጅ ካልሆነ አትበላም። ስለ ልጆቹ እናንተ ተነጋገሩ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ዕቃ እንደሚያካፍል ሰው በቀላሉ ነበር የተናገረው። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ዘሃራ ሻይ ይዛ መጥታ ኖሮ ሁሉንም ሰምታለች። ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«አየህ፣ የሐያት አባት» አለች፤ ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፣ ድምጿ ግን አልታዘዛትም። «ያን ሁሉ ብረት አልብሰህ፣ አንድ ዝንጀሮ መከልከል አቃተህ።»

አያ ሰይድ ትሪውን ከመሬት አነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሙአሊማ፣ ዝንጀሮ ምንድን ነው የሚፈራ?» አለኝ።

ጥያቄ ከተጠየቅሁማ! ነብር ከሁሉ በላይ እንደሚያስፈራቸው፣ የነብርን ጠቃጠቆ ገና ከሩቅ ሲያዩ አለቃቸው እንደሚጮህ፣ ሌሎቹም ግልገሎቻቸውን አንጠልጥለው ወደ ገደል እንደሚሮጡ በሰፊው አስረዳሁ።

«ነብርስ ከየት ይመጣል?» አለች ዘሃራ። «እዚህ ተራራ ላይ ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው ይላሉ።»

አያ ሰይድ ከጆሮው ጀርባ መርፌውን አወጣ።

«እሠራዋለሁ» አለ።

በቀጣዩ ዓርብ ወንድሜ እሱንና ሐያትን ወደ ደርብ ገበያ ይዟቸው ሄደ። የክር ሻጩ ቢጫ ምን ያህል እንደሚፈልግ ሲጠይቀው፣ «ያለህን ሁሉ» አለው። «ለማን ነው?» ሲለው ደግሞ፣ «ለአንድ ትልቅ ሰው» ብሎ ወጣ።

ሥራው ሲጀመር ክርክርም ተጀመረ። አያ ሰይድ ነብር አይቶ አያውቅም። ዘሃራም አላየችም፤ ግን አላየሁም አትልም። እሱ ጭራውን አጭር ሊያደርገው ነው፣ እሷ «የነብር ጭራ እንደ አለንጋ ነው» ትላለች። በመጨረሻ ዘሃራ ወደ ትልቁ ቤት ሄዳ አሮጊቷን ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ የአር-ሪስ ተራራ ተወላጅ ናቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «ይሄን ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይቆለመማል» አሉ። ለምን እንደተጠየቁ ሲሰሙ በጣም ሳቁ፤ ለልጃቸውም ላይናገሩ ቃል ገቡ። ጭራው በእሳቸው ልክ ተሠራ። ፊቱ ግን አልሆነም። አያ ሰይድ ደጋግሞ ቢተረትረውም ነብሩ ፈገግ ብሎ ቀረ።

«ቁጣ መሥራት እምቢ አለኝ» አለኝ። «እጄ አያውቀውም።»

በገለባ ሞልተው ከትልቁ ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ አስተኙት። ዝንጀሮዎቹ መጡ። አለቃቸው አየው። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ተራራው በጩኸት ተሞላ፣ ሁሉም ወደ ላይ ፈረጠጡ። ዘሃራ እልል አለች። እኔም ለተማሪዎቼ ሳይንስ በተግባር እንዲህ እንደሚሠራ ነገርኳቸው።

ከሳምንት በኋላ ስንሄድ አያ ሰይድ ደጃፉ ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል። በጣቱ አመለከተን። የዝንጀሮዎቹ አለቃ፣ ያ ግራጫ ጎፈሬ ያለው፣ ነብሩ ጀርባ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ማንጎ ይበላል። አንድ ግልገል ደግሞ ከነብሩ ሆድ ገለባ እየመዘዘ ይጫወታል።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» አለ አያ ሰይድ። «ተረት ይመስለኝ ነበር። ሶፋ ነው የሠራሁላት።»

ዘሃራ ግን አልሳቀችም። ፍሬው ሊበስል ቀርቧል። ወገቧን ይዛ ዛፉን ስትመለከት ቆይታ፣ «የማይንቀሳቀስ ነብር ትራስ ነው» አለች። «የሚሄድ ነብር ነው የሚያስፈልገን።»

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ጥላው ዞርን። ሙዲር ተኝቷል።

ልኩን ሲወስዱት እንኳ አልነቃም። አያ ሰይድ በዚህ ጊዜ ሙቀቱን አስቦ፣ ነፋስ እንዲያስገባ በቀጭን የጥጥ ክር፣ ሳሳ አድርጎ ሠራው። ቢጫ መደብ፣ ጥቁር ጠቃጠቆ፣ ሆዱ ሥር የሚቆለፉ ነጭ ቁልፎች፣ ውስጡ ሽቦ ያለበት የጭራ ልባስ። ሙዲርን አልብሰው ሲያስነሱት ግቢውን ዞሮ አየ። አንገቱን ቀና አደረገ። ያ ከጥላ ተነስቶ የማያውቅ ውሻ በማንጎዎቹ መካከል ዝግ ብሎ፣ ኮራ ብሎ መራመድ ጀመረ።

«ልብስ ነው» አለ አያ ሰይድ። «ሰውም ሹም የሚመስለው ልብሱን ሲለብስ ነው።»

ዝንጀሮዎቹ ይህንን አልጠበቁም። ነብሩ ይራመዳል፣ ቆሞ ያያቸዋል፣ ዛፉን ያሸታል። በዚያን ጊዜ የሄዱት አንድ ማንጎ እንኳ ሳይዙ ነው። ከዚያ በኋላ ሙዲር ጠዋት በመጀመሪያው ብርሃንና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ሲሞቅ ይወልቅለትና ወደ ጥላው ይመለሳል። ማንጎው እየቀላ መጣ። ዘሃራም መቀለድ ጀመረች።

አያ ሰይድ ግን ለማንም አልነገረም። ውሻ አለበስኩ ብሎ ከማን ፊት ይቆማል? አጠገባቸው ባለው እርሻ ፍየል የሚጠብቅ አንድ የሀገራችን ሰው አንድ ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ሙዲርን አየው። ፍየሎቹን በትኖ ዛፍ ላይ ወጣ። ነብር ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ማንም አላስተማረውም መሰለኝ። ሲወርድ ለአሠሪው ነገረ። አሠሪው ለመስጊዱ ነገረ። አያ ሰይድ ወሬውን ሰምቶ ነበር፤ «ይበርዳል» ብሎ ዝም አለ።

አልበረደም። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ትምህርቱን ጨርሰን ሐያት ደብተሯን ስትሰበስብ፣ ሙዲርም ለማታው ዙር ገና መልበሱ ነበር፣ የብዙ መኪና ድምፅ መጣ። አቡ ናስር ከፊት፣ ጎረቤቶቹ ከኋላ፣ ጠመንጃ ይዘው ወረዱ። መሬቱ የእሱ ስለሆነ ነብሩን የማደኑ ክብር ለእሱ ተሰጥቶታል። «ነምር!» አለ አንዱ በጣቱ እያመለከተ፤ ነብር ማለቱ ነው። ከማንጎዎቹ መሐል ቢጫና ጥቁር ነገር ብቅ አለ።

ሙዲር መኪና ሲያይ ምግብ የመጣ ይመስለዋል። እየዘለለ ወደ እነሱ መሮጥ ጀመረ።

አያ ሰይድን እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን ዘርግቶ በጠመንጃዎቹና በውሻው መካከል ገባ። «አትተኩሱ! ወላሂ ሹራብ ነው! ነብር አይደለም፣ ሹራብ ነው!» ይላል፣ ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በአማርኛ። ማንም አልገባውም። ሙዲር ግን በእግሩ መካከል ሾልኮ አለፈና አቡ ናስር እግር ሥር ደርሶ በጀርባው ተንጋለለ፣ ሆዱን እንዲያክለት። ሆዱ ላይ ነጫጭ ቁልፎች ተደርድረዋል።

ሰዎቹ አንገታቸውን አስግገው ቁልፎቹን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አቡ ናስር።

«ሙዲር ነው፣ ያ ዐም» አለ አያ ሰይድ፤ አጎቴ እንደማለት ነው።

«የለበሰውን ነው የጠየቅሁህ! ማን ሠራው?»

አያ ሰይድ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እኔ» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛም ሳቀ። የአቡ ናስር ፊት ጠቆረ። ይህን ሁሉ ሰው ከመስጊድ ሰብስቦ ያመጣው የተቆለፈ ውሻ ሊያሳድን ነው! ሐያት እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሁላችንም የገባን አንድ ነገር ነበር፤ ሰው የሳቀበት ሰው ማንጎው መትረፉን አያይም። ኹሩጁ አሁን፣ እዚሁ ሊነገር ነው።

«አሊ!»

አቡ ናስርን በዚያ ስም የሚጠሩት እናቱ ብቻ ናቸው። አሮጊቷ በዘሃራ ክንድ ተደግፈው ከትልቁ ቤት እየመጡ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ገለል አሉ።

«ይማ፣ ይሄ ሰውዬ አዋረደኝ…» አለ ልጃቸው።

«ጠመንጃህን አውርድ።» ጎንበስ ብለው የሙዲርን ጭራ ይዘው ዳበሱት። «ጭራው ልክ ነው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ነብር ፍየላችንን ተሸክሞ ገደሉን ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጭራው እንዲህ ነበር።» ቀና ብለው ጎረቤቶቹን አዩ። «ፊቱ የውሻ ነው። በፊቱ እኔን እንዳትወቅሱኝ።»

እንግዲህ በእናት ላይ ማን ይቆጣል? አሁን ቀድሞ የሳቀው ከጎረቤቶቹ በዕድሜ ትልቁ ነበር። ሳቁን ሳይጨርስ ግን ወደ ዛፎቹ ተመለከተና ፊቱ ተለወጠ። ቅርንጫፎቹ በፍሬ ጎብጠዋል።

«አንተ አቡ ናስር» አለ፣ «የኔን እኮ ዝንጀሮዎቹ አንድ ሳያስቀሩ ጨረሱት። ያንተ ያልተነካው በዚህ ነው? ይሄ ሰው ለኔም ውሻ ይሥራልኝ!»

«ለኔም!» አለ ሌላው።

አቡ ናስር ሰዎቹን አየ፣ ማንጎውን አየ፣ እናቱን አየ። ቀስ ብሎ ደረቱ ሰፋ። «ሰይድ የኔ ሰው ነው» አለ። «ነብር የፈለገ ወረፋ ይያዝ።» ከዚያ ወደ አያ ሰይድ ዞረ። «እሑድ ኢቃማህን አሳድሳለሁ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ተናገር።»

ዘሃራ ከአሮጊቷ ጀርባ ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ደሞዝ በል፣ ደሞዝ!» ትለዋለች።

«ዓርብ» አለ አያ ሰይድ። «ዓርብ ዓርብ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ልውጣ። ባሕር አይተው አያውቁም።»

ከዚያ በኋላ ለየጎረቤቱ ስንት ነብር እንደሠራ እኔም አላውቅም። የክር ሻጩ ቢጫ እስከ ጣሪያ የደረደረው በዚያ ምክንያት ነው። አያ ሰይድም መርፌውን መደበቅ ተወ። አሮጊቷ በሰላም እስኪያርፉ ድረስ ቤተሰቡ በዚያች የብሎኬት ቤት አንድ ላይ ኖረ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሁለቱ መክረው፣ ማንም ውጡ ሳይላቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሀገራቸው ገቡ። ሐያት በስልክ እንደነገረችኝ አሁን የሰፈሩን የውሃ ቧንቧዎች እያለበሰ ነው።

እኔ ግን እሱን ሳስብ የሚመጣብኝ ያ የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ወንድሜ በፒካፑ ወሰደን፤ እኔና ዘሃራ ከፊት፣ አያ ሰይድና ልጆቹ ከኋላ። ባሕሩ ዳር ምንጣፍ አነጠፍን፣ ሩዝና ዶሮ ዘረገፍን። ልጆቹ ሸርጣን እያባረሩ ሄዱ። አያ ሰይድ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና ሹራቡን አወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዘሃራ። «ባሕር ብለህ ለምነህ ጀርባህን ልትሰጠው ነው?»

«እናንተ እዩት። እኔ አውቀዋለሁ።»

ዘሃራ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ያኔ በመጀመሪያ ጉዞው ይህንኑ ባሕር በጀልባ እንደተሻገረው፣ በሌሊት፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ አንገቱን በጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ እንደነበር ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሰምቷል መሰለኝ፣ መርፌው ፈጠነ።

ኢማን ርሳ መጣች። እጁን ይዛ ጎተተችው። ሹራቡን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሽርጡን ሰብስቦ ተከተላት። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ሲመጣ ቆመ። ልጅቷ በዙሪያው ውሃ እየረጨች ስትዘል እሱ አልተንቀሳቀሰም፤ ወዲያ ወዲያ፣ የመጣበትን አቅጣጫ እያየ ቆየ። እኛም ምን ሆኖ ይመለሳል ብለን ከምንጣፉ ላይ ሆነን አየነው።

ሲመለስ ፊቱ በራ ብሎ ነበር።

«ያኔ ጨለማ ነበር፤ ቀለሙን አላየሁትም» አለ። «ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊ አይደለም። አረንጓዴም አይደለም።» እንደገና ዞሮ አየው። «ይሄ ክር የት ይገኛል?»

ዘሃራ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! አሁን ደግሞ ባሕሩን ሊሠራው ነው!»